የሻምበል ሀሚዱ ኒሻኖችና አሥራ ሁለቱ እርምጃ

ሳይጠየቅ አቅጣጫ የሚያሳይ ሰው የሌለበት አገር የለም። ወዴት እንደምትሄድ ከአንተ ቀድሞ ያውቃል፤ "አውቀዋለሁ" ብትለው ይከፋዋል። በደሴ አቅራቢያ ያሉት የእኛ ሐይቆች ሰው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በዚሁ ሙያ ሁለት ኒሻን ተሸልሟል።

ክቡር ሻምበል ሀሚዱ በኦጋዴን ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር፣ ማለትም ለአብራሪው አቅጣጫ የሚነግሩ መኮንን ነበሩ። ጆሯቸው ተጎድቶ በ1971 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁለቱን የጀብዱ ኒሻኖች ቡናማ ኮታቸው ላይ ሰኩ። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ያለ እነሱ አይወጡም። ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ እንኳ ኒሻኖቹ ቀድመዋቸው ይንቃጨላሉ።

"አብራሪው መሪውን ይጨብጣል" ይላሉ። "የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን ማን ነው?"

አንደኛውን ኒሻን ያገኙት አውሮፕላኑ ተመትቶ መሣሪያው ሁሉ ሲበላሽ፣ ደመና ውስጥ በእጅ ሰዓትና በእርሳስ እያሰሉ አብራሪውን በሰላም ስለመለሱት ነው። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን "ዒላማ አግኝቼ ነው" ብለው ያልፉና ወዲያው ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ሰማዩን ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞሩ። የግሸን ተሳላሚ የጫነ አውቶቡስ አስቁመው ሾፌሩን "ሦስት ዲግሪ ወደ ግራ!" ይሉታል፤ መንገዱ ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ጁምዓ ደግሞ መስጊዱ ከቂብላ፣ ከመካ አቅጣጫ፣ አራት ዲግሪ እንዳዘነበለ በኮምፓስ አረጋግጠው ለሼሁ አመለከቱ።

"ሻምበል" አሉ ሼሁ፣ "አላህ ዱዓችንን በዲግሪ አይቀበልም። ይግቡና ይስገዱ።"

በ1972 የገበሬ ማኅበሩ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለውን መሬት ሲያከፋፍል ጠብ ተነሣ። ባሏ ጦርነቱ ላይ የሞተባት ተሻለች "ድንበሬ ተገፋ" ብላ ከሰሰች። የተከሰሰው የሻምበል ታላቅ ወንድም ኑርዬ ነው። ሻምበል ኮምፓሳቸውን ይዘው ከተፍ ሲሉ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩና "ለወንድማቸው እሳቸው ሊለኩ?" ብዬ ተቃወምኩ።

"ይለኩ" አለች ተሻለች። "በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ኒሻን ደረታቸው ላይ አድርገው አይዋሹም።"

ለኩ። ኑርዬ አሥር እርምጃ ወደ እሷ ገብቷል።

"አንተ ሀሚዱ፣ ወላሂ ተሳስተሃል! እንደገና ለካ!" አለ ኑርዬ።

ሻምበል እንደገና ለኩ። አሥራ ሁለት ሆነ።

ኑርዬ ሦስተኛ አልጠየቀም። "የእናቴ ልጅ!" ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ሻምበል "ጋሼ..." ቢሉም አልዞረም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንድማማቾቹ ሰላም አልተባባሉም። በእነዚያ ቀናት ሻምበል ለማንም አቅጣጫ አልነገሩም፤ አውቶቡሶቹ ያለ አንዳች እርማት አለፉ። እውነቱን ለመናገር ከተማው ቅር አለው።

አንድ ጠዋት በአርዲቦ በኩል ሳልፍ የኑርዬን ማሳ የሚያርስ ሰው አየሁ። ሻምበል ናቸው፤ ኮት ስላላደረጉ መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ኑርዬ ዳር ቆሞ እጁን አጣምሮ ያያል። ትልሙ ወዲህ ይጣመማል፣ ወዲያ ይጣመማል። ኑርዬ ቻለ፣ ቻለና አቃተው።

"ያ አላህ! አውሮፕላን ከደመና ያወጣህ ሰውዬ ሁለት በሬ ቀጥ አድርገህ መንዳት አቃተህ?"

"አሳየኛ ጋሼ" አሉ ሻምበል።

ኑርዬ እያጉረመረመ ሄዶ እርፉን ከእጃቸው ጋር አብሮ ያዘ። "ጫን በለው! አዎ፣ እንደሱ!" ሻምበል ለእያንዳንዷ ቃል "እሺ" ይላሉ፤ ፊታቸው በላብና በደስታ ያበራል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጠሩኝና ሦስታችንም ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን የኑርዬን ቆሎ ተካፈልን።

እንዳይለኩ የተቃወምኳቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ለዚህ ዓይነቱ እርቅ ኒሻን የሚሰጥ ቢሮ ቢኖር፣ ደሴ ድረስ በእግሬ ሄጄ አመለክትላቸው ነበር።