መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ጎል እንዴት እንደማይገባ ያውቃሉ

ሁለት ሰው ኳስ ከተራገጠ ሦስተኛው ዳር ቆሞ ስህተታቸውን ይነግራቸዋል፤ ይህ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። እግዚአብሔር ኳስ የሚችለውንና ኳስ የሚያውቀውን ለየብቻ ነው የፈጠራቸው። የሚችለው ይሮጣል፣ ያልበዋል፣ ጉልበቱ ይላጣል። የሚያውቀው ግን ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና «እንዲያ አይደለም» ይላል። እንዲያ ካልሆነ እንዴት እንደሆነ ለማሳየት ግን ከድንጋዩ ተነሥቶ አያውቅም።

የሌላው አገር ዐዋቂ ከዘራ ይይዝ ይሆናል። የሰቆጣው ዐዋቂ የሚይዘው መቋሚያ ነበር። እኒህ ሰው ክቡር መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ የዜማ መምህር፣ የወረብ አባት፣ በጠጅ ቤቱ ጉባኤ ሙሉ ፈቃድ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር። ሹመቱ ደመወዝ የለውም። እርሳቸውም ሥራውን የሚሠሩት ደመወዝ እንደሌለው ሰው አልነበረም።

ይህን ሹመት ተሸክሞ የኖረው ግን መምህር ይግዛው ነው። በስልሳዎቹ መባቻ ከደሴ ተመድቦ ሰቆጣ ሲደርስ ሒሳብና ስፖርት እንዲያስተምር ነበር የተላከው። ኳስ ይዞ መጣ፣ ቡድን አቋቋመ። ያላሰበው ነገር ቢኖር ከተማው ውስጥ ኳስን ከእርሱ በፊት የተረዳ ሰው እንዳለ ነው።

መሪጌታ ኳስን የተረዱት ባዩበት ዕለት፣ ባዩበት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ኳሷ ራሷ ወደ እግራቸው ተንከባልላ መጥታ ነበር። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏትና «አየህ? አልተከተልኳትም» አሉት ይግዛውን። «ጎል የሚገባው በእግር አይደለም፣ ልጄ። በችኮላ ነው።»

የመከላከል ትምህርታቸው ሁሉ የመነጨው ከማኅሌት ነው። ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ አንዱ ከአንዱ አይቀድምም፣ አይዘገይምም፤ ማንም ጎረቤቱን ዞሮ አያይም፣ ትንፋሹን ይሰማዋል እንጂ። «እንግዲህ» ይላሉ መሪጌታ «ከዚህ መስመር መሀል ማን ሾልኮ ያልፋል? ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይደክማል? አጥቂ ማለት የተቆጣ አማት ነው፤ ካልመለስክለት ራሱ ደክሞት ይሄዳል።» ከዚያ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ይተክሉና ከተማው በቃሉ የያዘውን ቃል ይጨምራሉ፦ «አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሂድ፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሁሉም ያጎንብስ።»

ትምህርቱ ሜዳ ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር። ጠጅ ቤት ሲገቡ የሰውን ብርሌ ሁሉ ሰብስበው በሰልፍ ያቆማሉ፤ ጠጪው የራሱን ጠጅ ለመጠጣት የቀኙ ተከላካይ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ለቅሶ ቤት ገብተው ሐዘንተኛውን አስነሥተው እንደገና አስቀምጠዋል፤ «እዚህ ጋ ክፍት ነው፣ ጠጋ በሉ» ብለው። የባሰው የሰርጉ ነው። ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ደጃፍ ላይ ለጨዋታ የሚከለክሉትን ልጃገረዶች አንድ ጊዜ እርሳቸው አሰለፏቸው። እንደ ልማዱ ጥቂት ተገፋፍቶ መግባት የነበረበት ሙሽራ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ውጭ ቆመ። በኋላ የገባው በጓሮ ነው ይባላል። መሪጌታ እስከ ዛሬ ያንን እንደ ጎል አይቆጥሩትም።

ይግዛው መጀመሪያ ሳቀ። ችግሩ ትምህርቱ መሥራቱ ነበር። የቡድኑ አራት ተከላካዮች ጠዋት የመንግሥት ተማሪ፣ ማታ የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ናቸው፤ ሁሉም ዲያቆናት፣ አለቃቸውም ደብሬ የሚባል እንደ ጽድ ቀጥ ያለ ልጅ። በመሪጌታ ግቢ ማታ ማታ ያለ ኳስ፣ በዜማ ብቻ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይሉ ነበር። ጎል በሰቆጣ እንደ በልግ ዝናብ ብርቅ ሆነ። በየጊዜው የሚመጣ ቡድን ቢሮጥ፣ ቢጮህ፣ ቢለምን፣ የእነ ደብሬን መስመር አያልፍም። መሪጌታም ድንጋያቸው ላይ ሆነው ምስጢር እንዳይወጣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ትእዛዝ ይሰጣሉ። እንግዶቹ አይሰሙም። ከደሴ የመጣው ይግዛውም አይሰማም። ጨዋታው ሲያልቅ ሕዝቡ እጅ የሚነሣው ለመሪጌታ ነው።

እንግዲህ ሜዳው የቡድኑ አልነበረም። የእሜቴ ደጅይጥኑ ነው፤ ጦም ያደረ መሬት ነው፣ ሰፊ፣ ከተማው አፍንጫ ሥር። እሜቴ ቃላቸውን የማያጥፉ ሴት ናቸው። ከጥምቀት ማግሥት ይግዛውን አስጠርተው፣ በቅሏቸው ላይ እንዳሉ ነገሩት።

«ልጄ፣ መሬቴ ገብስ ናፍቆታል። የወልድያ ልጆች ሊመጡ ነው አሉ። ካልተሸነፋችሁ ሜዳው ይቆይላችሁ። ከተሸነፋችሁ በግንቦት በሬዎቼ ይገባሉ።»

«ባናሸንፍም፣ ካልተሸነፍን?»

«ካልተሸነፋችሁ ነው ያልኩ።»

ይግዛው በደስታ እየበረረ መሪጌታ ዘንድ ሄደ። ጎል ማግባት አያስፈልግም ማለት ነው፤ እንዳይገባ ማድረግ ብቻ። በሰቆጣ ሌላ የሚያውቁት ሥራ ባይኖር ይህን ያውቁታል።

«ተኛ» አሉት መሪጌታ። «ጨርሰነዋል።»

በጨዋታው ቀን ከተማው ባዶ ሆነ፤ ሁሉም ሜዳው ዳር ነው። የወልድያ ልጆች ፈጣኖች ነበሩ፣ አጥቂያቸውም ረጅም፣ እግሩ የሚናገር። ግን ወደ ግራ ሲሄድ አራቱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ አራቱ ወደ ቀኝ። ማንም አይከተለው፣ ማንም አይለቀው። ከእረፍት በኋላ ልጁ ቆሞ ወገቡን ያዘ።

«እናንተ፣ ታስራችኋል እንዴ?» አለ ደብሬን።

«በዜማ» አለው ደብሬ።

ይግዛው ያን ቀን ኩራት ተሰማው። የዜማውን ነገር ረስቶ ሁሉንም እርሱ ያስተማረው መሰለው። እሜቴ ደጅይጥኑም በቅሏቸው ላይ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ መሬታቸውን የተሰናበቱ ይመስላሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ያኔ ደብሬ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ግማሽ ብቻ። ከይግዛው በቀር ያየ ሰው ቢኖር መሪጌታ ናቸው። በኽምጣንጋ ጮሁ፤ ሕዝቡ ዋጠው። ዳግመኛ ጮሁ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዘመን ያልሆነው ሆነ፤ ከድንጋያቸው ተነሡ።

ይግዛው የመጣውን ነገር ቀድሞ አየው። በሰቆጣ አንድ ደቀ መዝሙር የኔታው ወደ እርሱ ሲመጡ ሥራውን እንደያዘ አይቆይም፤ ውሃ የተሸከመ ያወርዳል፣ የሚበላ ይዋጥም አይዋጥ ይነሣል። «የኔታ፣ ይመለሱ» አለ። ድምፁ ከሕዝቡ ጩኸት አላለፈም። መሪጌታ ጋቢያቸውን ጎተት አድርገው፣ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ፣ በቅዳሴ እርጋታ ሜዳው ውስጥ ገቡ፤ ልጁን መስመሩ ላይ ሊመልሱት። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

ደብሬ ቀና ሲል የኔታው ፊቱ ናቸው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና አጎነበሰ።

አንዱ ሲያጎነብስ ሁሉም ያጎንብስ። ሦስቱም አጎነበሱ። በረኛው ደቀ መዝሙር አልነበረም፤ እርሱም ለብቻው ቀጥ ብሎ መቆም ከበደውና አጎነበሰ።

ረጅሙ አጥቂ ኳሷን ይዞ ቆሞ ነበር። እርሱም የሰው ልጅ ነው፣ ባደገበት አገር ታላቅ ይከበራል። ግራና ቀኙን አየ፣ አፈረ። ኳሷን በእግሩ ጎን ገፋ አደረጋትና ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትረብሽ፣ ገባች።

እሜቴ ደጅይጥኑ የበቅሏቸውን ልጓም ሰበሰቡ።

«አዘንኩ፣ ልጄ» አሉት ይግዛውን። «ግን ቃሌ ቃል ነው።»

መሪጌታ ወደ ድንጋያቸው ሲመለሱ ይግዛው አጠገብ ቆም አሉ። «አየሃቸው? አንድ ሰው ከመስመር አልወጣም» አሉት። ይግዛው ጀርባውን ሰጣቸው። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ገበያ ላይ ሲያያቸው በሌላ በኩል ይዞራል። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ብርሌዎች ማንም ሳያሰልፋቸው ተበታትነው ዋሉ፤ ጠጪዎቹም ጠጁ ጣዕም አጣ ይሉ ነበር።

በግንቦት የእሜቴ በሬዎች ሜዳው ገቡ። ይግዛው ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ዳገቱን ወጣ። ከደብሩ አጥር ሥር ሲደርስ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ድንጋይ የሚለቅሙ ሽማግሌ አየ። ደብሬና ሦስቱ ደግሞ የተለቀመውን ወደ ዳር ይሸከማሉ።

«የኔታ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«አታይም? ሜዳ።»

«ይህ እኮ በድብትርና የያዙት፣ እህል የሚበሉበት መሬት ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትሉ ነበር። «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «‹ዘንድሮ ምን ልንበላ ነው?› ስላቸው ‹ከታችኛው ማሳ› ይሉኛል። ታችኛው ማሳ ላይ አህያ ብትተኛ ጅራቷ ድንበር ይሻገራል።»

«የእሜቴ ሜዳ ድሮም አልጣመኝም» አሉ መሪጌታ። «ወደ ግራ ያዘነብላል። ልጆቹን ያጎነበሳቸው እርሱ ነው።»

ይግዛው መሬቱን አየ። የላይኛው ጫፍ የደብሩ አጥር ነው፣ የታችኛው ጫፍ ገደል። ከላይ የተለቀቀች ኳስ ተከዜ ሳትደርስ አትቆምም።

«የእኛ ጎል እላይ ነው» አሉ መሪጌታ በመቋሚያቸው እያሳዩ። «ይህን አቀበት ወጥቶ የሚያገባ አጥቂ ከእናቱ አልተወለደም።»

«የኔታ፣ ከእረፍት በኋላ እኮ ጎል መለዋወጥ አለ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገደሉን አዩ። ሲለዋወጡ ሁልጊዜ አይተዋል፤ ሕግ መሆኑን ግን አያውቁም ነበር።

«ማን ነው ያለው?»

«ሕጉ።»

«ሕጉን የጻፈው ሰው የዋግን ዳገት አይቷል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያስ ይምጣና ይይ።»

ይግዛው ሳቀ። ኮቱን አወለቀ፣ የወይዘሮ ጸሐይነሽ ሱፍ አጠገብ አስቀመጠና እጅጌውን ሰብስቦ አንድ ድንጋይ ለማንሣት አጎነበሰ። ደብሬ መምህሩ ሲያጎነብስ አየና አጎነበሰ። ሦስቱም አጎነበሱ።

«መስመሩን ጠብቁ» አሉ መሪጌታ ከላይ።