ትንፋሼን እስክሰበስብ

ሰው የሚያስበው በጭንቅላቱ ነው የሚሉ ሰዎች ዳገት ሮጠው የማያውቁ ይመስሉኛል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰው የሚያስበው በእግሩ ነው። እግር ሲዝል ጭንቅላት ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል፤ አፍ ብቻ፣ ምንም ኃላፊነት ሳይሰማው፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የሚወጣውን ማን ይመልሰዋል?

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ዲንሾ በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ የደረሰብኝ ነው።

ያኔ ሮቤ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። በአንደበቴ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ጓደኞች ሲጣሉ አስታራቂ፣ ሠርግ ሲኖር ንግግር አድራጊ እኔው ነበርኩ። አስቴር ፊት ስቀርብ ግን ያ ሁሉ አንደበት የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው።

አስቴር ዲንሾ የምታስተምር መምህርት ነበረች፤ ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው። ለገበያ ሮቤ ስትወርድ ዘንቢሏን ይዤ እስከ ሚኒባሱ እሸኛታለሁ። ልላት የሚገባኝ ነገር ትዝ የሚለኝ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዓመታት ሄዱ። ዝም አይነቅዝም፤ ሰው ግን ይዛወራል።

አንድ ጠዋት፣ ወደ ሐዋሳ መዛወሯንና ዕለቱን እንደምትሄድ ሰማሁ። ሥራዬን ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ቃሌን አበጀሁ፦ «አስቴር፣ ሐዋሳ አትሂጂ፤ ከሄድሽም ብቻሽን አትሂጂ።» አጭር፣ ግልጽ፣ ወንድ ልጅን የሚያኮራ።

ዲንሾ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን መኪናው ዳገቱ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሹፌሩ ትንሽ ታገሡ አለ። የሹፌር «ትንሽ» ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ አለ? ወርጄ መሮጥ ጀመርኩ፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዳገት፣ በቢሮ ጫማ። የደጋ አጋዘኖች ሣራቸውን ትተው አዩኝ። በፈረስ የሚያልፉ አንድ አዛውንት «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ምን እንደሚያስሮጠኝ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። ከልጅነቴ የምናገረው ኦሮምኛ ጠፋኝ። በአማርኛ ልመልስ ብል እሱም የለም። አዝነውልኝ ፈረሳቸው ላይ ላፈናጥጥህ ቢሉኝ፣ ፍቅሩን ሊገልጽ የሚሄድ ሰው ተፈናጥጦ አይደርስም ብዬ በእጄ እምቢ አልኩ። ጭንቅላቴ ሱቁን መዝጋት የጀመረው እዚያ ጋ መሆን አለበት።

ስደርስ አይሱዙ ደጇ ላይ ቆሟል። አስቴር ፍራሽ ጭና ከመኪናው እየወረደች ነበር፤ ፀጉሯ ላይ አቧራ፣ ግንባሯ ላይ ላብ። ስታየኝ ፊቷ በራ። ምን እግር ጣለህ አለችኝ። ቃሌን ፈለግኩት። «አስቴር» የምትለዋ እንኳን የለችም። ዓይኔ አጥር ሥር የተደረደሩ ጆንያዎች ላይ ሲያርፍ አፌ በራሱ ፈቃድ ተናገረ፦

«ገብስ ልገዛ።»

ለገብስ ነው እንዲህ ያለከለክከው ብላ ስትጠይቀኝ አዎ አልኩ፤ የዲንሾ ገብስ ጥሩ ነው ብዬም ጨመርኩበት። እሷም ባለ ገብሱን ጎረቤቷን ጠርታ አንድ ጆንያ አስመረጠችልኝ። ከዚያ ሹፌሩ ቸኮለ፤ እጄን ጨብጣ ጋቢና ገባች፤ መኪናው በአዳባ መንገድ ታጥፎ ጠፋ።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ ሲመለስ ቃሌም ተመለሰ፤ አንድም ፊደል አልጎደለበትም።

እስካሁን ለሥራ ወደ ሻሸመኔ ስጓዝ ዲንሾ ላይ በመስኮት ያንን ቤት እፈልጋለሁ። ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ አጥሩም የሌላ ሰው ነው። ግን ሳላየው ካለፍኩ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ጎባ፣ የዘመድ ሠርግ ላይ አገኘኋት። ባሏ አብሯት ነበር፤ ልጠላው ብሞክርም ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። እሱ ለሰላምታ ሲነሳ ብቻችንን ቀረን። ተቀምጫለሁ፣ በልቻለሁ፣ ትንፋሼ ሙሉ ነው። ያን ቀን የመጣሁት ለገብስ እንዳልነበር ነገርኳት፤ ቃሌንም እንዳለ አልኩላት።

ወደ ሳነቴ ተራራ በኩል ያለውን ደመና አየች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ዕቃ ስሸከም ነበር» አለችኝ። «በጣም ደክሞኝ ነበር። ብትለኝ ኖሮ፣ እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም።»