የተጣለው ሰውዬ የት ሄደ?

እኔ የምለው፣ የዘንድሮ ፊልም ሠሪዎች ከወንድ ጋር ምን አጣላቸው? የከፈታችሁት ፊልም ሁሉ ላይ አንዲት ቆንጆ ባሏን እንደ ሸንኮራ መጥጣ ትጥለዋለች፤ ወዲያው ሌላው ከነሽቶው በር ላይ ቆሟል። ሸንኮራን ከቆላ ሲመጣልን ብቻ የምናየው እኛ መንዞች እንኳ ለምደነዋል። ድሮ "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል" ይባል ነበር። ዛሬ ባል የታሸገ ውሃ ሆኗል፤ ጠጥቶ ፕላስቲኩን መወርወር ነው። እኛም እያማረርን፣ እየሳቅን እናያለን።

ባለፈው ወር ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት የአባቴ ጎረቤት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። በርኖሳቸውን ደርበው የማዳበሪያ ጆንያ ታቅፈዋል። "ወዴት ነው ጋሼ?" ብላቸው "እንዲያው" አሉኝ። እንዲያው የሚሄድ መንዜ አይቼ አላውቅም፤ ግን ፊልሙ ተጀምሮ ስለነበር አልጠየቅሁም።

ከሾፌሩ በላይ በተሰቀለችው ቴሌቪዥን ሴትዮዋ የባሏን ልብስ በመስኮት ትወረውር ጀመር። ሱሪው ጎረቤት ራስ ላይ ሲያርፍ ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ከፊታችን የተቀመጡት ቄስ ሳይቀሩ! እኔማ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ደምሴ ክርኔን ነካ አደረጉና "ይኸ ሰውዬ ከዚህ ወዲያ የት ሄደ?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ፤ ፊልም አይደል? እሷ እንደሆን ሌላ ታገባለች።"

"እሷን አይደለም የጠየቅሁህ።" ጆንያውን መታ መታ አደረጉት። "የኔንም ልብስ ሚስቴ ማክሰኞ ለት እንዲሁ ደጅ አወጣችው። ቤቱም መሬቱም ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ምን እላለሁ?"

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ እኔን ግን አንጀቴን በሉት። ደብረ ብርሃን ዘመድ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ቤቴ ደግሞ አንድ ባዶ ክፍል አለ፤ አልጋው እንኳ ተነጥፏል። አፌን ከፈት አደረግሁና "ሚስቴ ምን ትለኛለች?" ብዬ በሆዴ መልሼ ገጠምኩት።

መናኸሪያ ስንደርስ ሾፌሩ ፊልሙን ከመሐሉ አጠፋው። ሰዉ እየተጋፋ ሲወርድ ጋሽ ደምሴ የጠፋችውን ቴሌቪዥን እያዩ ቁጭ ብለዋል።

"አላለቀም እኮ" አሉኝ።

"ደህና ይሁኑ ጋሼ" ብዬ ወረድኩ። ይኸው ነው፤ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ የዘመኑን ሴቶች ጭካኔ እየረገምኩ ሁሉንም ለሚስቴ አጫወትኳት። ወጥ እያወጣችልኝ ነበር፤ ጭልፋውን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ።

"ክፍሉ ባዶ አይደል እንዴ? ታዲያ እሳቸው የት ሄዱ?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት።