ባለቤት ያጣው ክብ

የገዛ አናቱን አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ መላጣ መሆኔን የተረዳሁት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ያውም አንድ ባልደረባዬ ደረጃ ላይ ቆሞ በስልኩ ካነሳኝ ፎቶ ነው። ሚስቴ ታውቅ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ያውቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ የሚቆመው ምእመን ሁሉ ያውቅ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ብቻ። መሬትም እንደዚያው ናት እናንተዬ። ዕድሜ ልካችንን ስንረግጣት፣ ስናርሳትና በእሷ ስንካሰስ እንኖራለን፤ አናቷን ግን አናውቀውም።

ይህን የምላችሁ የመሬትን አናት እያየሁ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ከገባሁ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ ላይ የየገበሬውን ማሳ ለይቶ ወሰኑን ማስመር ነው፤ ገበሬው የይዞታ ደብተር የሚያገኘው በዚያ ነው። ደንቡ፣ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ቀበሌው ድረስ ይወሰዳል፤ ባለይዞታው ማሳው ዳር ቆሞ «ወሰኔ ይህ ነው» ይላል፤ አዋሳኞቹ ይመሰክራሉ፤ መስመሩ የሚሰመረው ያኔ ነው። ደንቡ እንግዲህ ደንብ ነው። ማሳዎቹ ያሉበት የጋዝጊብላ ዳገት ደግሞ ዳገት ነው። ግማሹን ቀበሌ በእግሬ ከዞርኩ በኋላ «ፎቶው ሁሉን እያሳየኝ ጉልበቴን ምን አስፈጀኝ?» አልኩና የቀረውን ቢሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሰው መሬት ነበር።

ካሰመርኳቸው መስመሮች አንዱ ክብ ነበር፤ በአንድ ሰፊ የገብስ ማሳ መሀል። ክብ ማሳ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ግን መስመር አየሁ፣ አሰመርኩ። ኮምፒውተሩ ለተዘጋ መስመር ሁሉ የባለይዞታ ስም ይጠይቃል። ለክቡ የፈረመ ሰው ስላልነበረ «ባለይዞታው ያልታወቀ» ብዬ ሞላሁና ወደ ሌላው አለፍኩ። ካርታውም ሕዝብ እንዲያየውና ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

የማሳው ባለቤት አያ ኪሮስ ናቸው፤ ሰባ ዓመት የዘለሉ፣ ዘጠኝ ነፍስ በዚያች አንዲት ማሳ የሚያሳድሩ አባወራ። ግድግዳው ላይ ገብሳቸው መሀሉ ተቦድሶ አዩት። ባለቤት ያልታወቀ መሬት ወዴት እንደሚሄድ ገበሬ ነጋሪ አያሻውም፤ መንግሥት ይረከበዋል። የቅሬታው ጊዜ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው በመጀመሪያው ሚኒባስ ሰቆጣ ገቡና ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ መሀሉን ማን ወሰደብኝ?»

«እስቲ ይቀመጡ አያ፣ አጥር ይሆናል» አልኩና ፎቶውን ከፍቼ አቀረብኩት። አጥር አልነበረም። ቢጫ በሆነው ገብስ መሀል ሁለት አረንጓዴ ቀለበቶች፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ በኮምፓስ የተሳሉ ያህል ክብ ሆነው ተቀምጠዋል። በፀሐይ መውጫ በኩል ሁለቱም እንደ በር ተከፍተዋል፤ በሩ አጠገብ ጥቃቅን አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ስንት ወር ያየሁትን ፎቶ ያን ቀን ገና አየሁት። ፀጉሬ ቆመ፤ የቀረው ማለቴ ነው።

በማግስቱ አብረን ወጣን፤ አራቱ አዋሳኞቻቸውም ማሳው ላይ ጠበቁን። ገብሱ ታጭዷል፤ ቃርሚያ ብቻ። በፎቶው መሠረት ቀለበቱ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከእግሬ ሥር ግን ድንጋይ የለ፣ ጉድጓድ የለ። ቅርስ የሚያጠና አንድ ወዳጄ ጋ ደወልኩ፤ ፎቶውን ልኬለት ነበር። ሳይቆፈር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ግን ከጽሑፍ ዘመን በፊት የነበሩ ሰዎች የቆፈሩት ቦይ ሊሆን ይችላል፣ ነጠብጣቦቹም መቃብራቸው ሳይሆኑ አይቀሩም አለኝ። ቦዩ ቀስ በቀስ በአፈር ሞልቶ ጠፍቷል። አፈሩ ጥልቅ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፤ ዝናብ ቀድሞ ሲያቆም ሌላው ገብስ ይገረጣል፣ በቦዩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከላይ ያየ ያየዋል።

ይህን ሁሉ ለአያ ኪሮስ እንደ ትልቅ ምሥራች አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ለአዋሳኞቻቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ፤ አራቱም ሳቁ።

«ቀለበቱን ነው የምትለው?» አሉኝ።

ለካ አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ነው እኔ ከሰማይ አገኘሁት ብዬ የመጣሁት። ዝናብ በነሐሴ በሚቆምበት ክፉ ዓመት የቀረው ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር ሲቀር ቀለበቱ ያፈራል። ከአባት ከአያታቸው የወረሱት ሥርዓት አላቸው፤ በዚያ ዓመት የቀለበቱ ገብስ ለብቻው ይታጨዳል፣ አይበላም፣ ቢርባቸውም አይበላም። ለመጪው ክረምት ዘር ነው፤ አዋሳኝም ድርሻ አለው። እኔ ያንን ነው ባለቤት የለውም ብዬ የጻፍኩት።

ቃርሚያው ላይ ተቀመጥኩ። ስማቸውን የማናውቀው፣ በምን ቋንቋ እንደሚጣሉና እንደሚታረቁ የማናውቀው ሰዎች፣ ለከብታቸው ይሁን ለጠላታቸው፣ አንድ ቦይ ቆፈሩ። ያ ቦይ የያዛት እርጥበት የእነዚህን ሰዎች ዘር ስንት ጊዜ አተረፈ! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንባዬ መጣ።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መቼ መጥተህ?»

ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አራቱ አዋሳኞች እዚያው ፈረሙ፤ ቀነ ገደቡ ሳያልቅ ክቡን ከካርታው አወጣሁት፤ ማሳውም ሙሉ ሆኖ በአያ ኪሮስ ስም ገባ። በኋላ ደብተሩ ሲደርስ እኔው ራሴ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ፤ አዋሳኞቹ ባሉበት በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን፣ በደቡብ እያልኩ ድንበሩን አነበብኩላቸው።

«አራቱም ልክ ነው» አሉ አያ ኪሮስ። «ከታች፣ ከአፈሩ ሥር ሆነው የሚያዋስኑኝንስ?»

ቅጹ ለታች ቦታ እንደሌለው ነገርኳቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ደብተሩ ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ አራቱን ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩና፦

«ይቅር እንግዲህ። ግን ከአዋሳኞቼ ሁሉ ወሰን ገፍተውብኝ የማያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።»