ጋሽ አበባው የተዋሷት ሰጌቶ

የምሥራች! ደኅና ናት!

ምሥር ብላ በሉኝ እንጂ! ዝገት አልነካትም፣ ጥርሷ አልረገፈም፤ እንዲያውም ወዝ ወዝ ብላ፣ ሙሽራ መስላ ተገኝታለች። ማን መሆኗን እነግራችኋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ስለ አንድ ዓይነት ሰው ካላወራሁላችሁ ወሬው ይበላሽብኛል።

በዚህች ምድር ላይ ዕቃ ተዋሽ የሌለበት ሰፈር የለም። ቤተ ክርስቲያን የራቀው ሰፈር ይኖራል፣ መስጊድ የራቀው ይኖራል፣ ውኃ የሌለውማ ሞልቷል። ተዋሽ የሌለው ሰፈር ግን እግዜርም አልፈጠረ፣ ማዘጋጃ ቤትም አልሸነሸነ።

የእኛ የመርሳዎቹ ተዋሽ ጋሽ አበባው ናቸው። ሰፈሩ “ፊታውራሪ አውሱኝ” የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ሹመቱ ሲያንሳቸው ነው፤ እንደ እሳቸው በጠራራ ፀሐይ ፊት ለፊት ገብቶ የሰው መዶሻ ማርኮ የሚወጣ ጀግና አላየንም። አንድ ነገር ካልተዋሱ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም። “ለአንዲት ደቂቃ ብቻ!” ይላሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። የጋሽ አበባው ደቂቃ ልጅ ተወልዶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ የምታልቅ ደቂቃ ናት።

አንድ ጊዜ ቲማቲም ከምትሸጠው ጎረቤታችን ከአማከለች መሰላል ተዋሱ። መሰላሉ አጠራቸውና ጠረጴዛዋን ተዋሱ። ጠረጴዛው ተወላገደባቸውና “ለአንዲት ደቂቃ ያዢልኝ” ብለው ራሷን አማከለችን ተዋሷት። ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ድንኳን የተተከለበትን መዶሻ ይዘው የተመለሱበት ቀንም አለ። የመምህር ዮሴፍን ክራርማ አታንሱት! ክራር መምታት እኮ አይችሉም። “ለእህቴ ልጅ ሠርግ” ብለው ወሰዱት፤ ሙሽራይቱ ወልዳ ልጇ ድክ ድክ ማለት ጀመረ፣ ክራሩ ግን ከሠርጉ አልተመለሰም።

ሌላው ተዋሽ ሲጠየቅ “ነገ አመጣዋለሁ” ይላል። ፊታውራሪያችን እንዲህ ዓይነት ተራ ነገር አይናገሩም፤ የዕቃውን ጤንነት ነው የሚነግሯችሁ። “ጋሽ አበባው፣ ሰጌቶዬስ?” ሲባሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ “ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን!” ይላሉ፤ ሩቅ አገር ስለተዳረች የእህታቸው ልጅ የተጠየቁ ነው የሚመስሉት። ጠያቂውም ግራ ገብቶት “ሰላም በሉልኝ” ብሎ ይሄዳል።

ሰጌቶዋ፣ ያቺ ብረት መቁረጫ መጋዝ፣ የበያጁ የዑስማን ናት። ከነእጅ መሰርሰሪያዋ “ለአንዲት ደቂቃ” የሄደችው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነበር። ዑስማን እየተመላለሰ ጠየቀ፤ ሁልጊዜም ደኅና ነበረች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማዋ በተያዘችባቸው ወራት የዑስማን ጋራዥ ተራቆተ። የብየዳ ማሽኑ ሄደ፣ ቁልፎቹ ሄዱ፣ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ ከነተተከለበት ጠረጴዛ ሄደ፣ የጋራዡ በርም ተከተላቸው። ሰዉ ከሸሸበት ሲመለስ ያገኘው ግድግዳውን ነው። መምህር ዮሴፍም ክራሬ ማገዶ ሆነ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ወልድያ ዘመድ ቤት ገባ።

ቤት ንብረቱን ያጣ ሰው ስለ ሰጌቶ አይጠይቅም። ጋሽ አበባውም መዋስ ተዉ። ማን ምን ተርፎት ያውሳቸው? እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ከሰው እያሸሹ፣ በየደጁ ያልፋሉ። “ለአንዲት ደቂቃ ብቻ!” የሚለው ድምፅ ከመንገዳችን ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ሲሰማው ይደበቅ የነበረው ድምፅ ሲጠፋ ሰፈሩ ጭር አለ። አማከለች ሳትቀር “ኧረ ምነው መጥተው አንድ ነገር በወሰዱብኝ!” ስትል ሰምቻታለሁ።

ትናንት ረፋድ ላይ ታዲያ ከወልድያ በኩል ዲሽቃ መተኮስ ጀመረ።

ገበያተኛው በአንድ አፍታ መሬት ላይ ተለጠፈ። ተኩሱ ቀረበ፣ ቀረበ፣ አስፋልቱ ላይ ደረሰና ሄልሜት ያደረገች ሴት ሆነ! ሳሚራ ናት፣ የወረዳችን የእንስሳት ሐኪም። ሞተሯ ለድንጋያማ የገጠር መንገድ የተሠራች ቁመተ ረጅም ሞተር ናት፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሞተሮች ከዝርፊያ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታውን፣ ደግፈው የሚይዙት ሁለቱም መያዣዎች ሲሪንቃን እንዳለፈች ተሰብረው፣ ማርሚታው እንደ ተቆረጠ ጅራት ከኋላ ይጎተታል። ያ ሁሉ ተኩስ የእሱ ነው።

“አንቺ ልጅ፣ ከጦርነቱ የተረፍነውን በሞተር ልትጨርሽን ነው?” አለች አማከለች፣ የተኛችበትን ቲማቲም ከደረቷ እየጠረገች።

ሳሚራ አልሳቀችም። ከኮርቻው ኋላ የታሰረውን የበረዶ ሳጥን በእጇ መታ መታ አደረገችው። “የአባ ሰንጋ ክትባት ነው። ግራና በሽታው ገብቷል። የተረፉት በሬዎች እየወደቁ ነው፤ በልግ ደግሞ ደርሷል፣ በምን ሊያርሱ ነው? በረዶው ከዛሬ ከሰዓት አያልፍም። የከተማው መግቢያ ኬላ ሚሊሻ ደግሞ ‘በዚህ ድምፅ ግራና ብትገቢ ሕዝቡ ተራራ ነው የሚወጣው’ ብሎ ሳላስጠግን ከመርሳ እንዳላልፍ ከለከለኝ። ዑስማን፣ በአላህ፣ በይድልኝ!”

ዑስማን በር በሌለው ጋራዡ ደጅ ቁጢጥ ብሎ ማርሚታውን አየው፤ ሳሚራንም አያት። “ለብየዳ መብራት ያስፈልጋል፣ መብራት የለም። ለጄኔሬተር ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ነዳጁም ጄኔሬተሩም የለም።”

“በሽቦ እሰርልኛ!”

“አስረሽው አልነበር? የታለ ሽቦው?”

“ሲሪንቃ ቀረ።”

“ይኸውልሽ።” ደጁ ላይ የተጣለውን ባዶ የጥይት ሳጥን በእግሩ ገፋ አደረገው። “ከዚህ ላሜራ ቆርጬ፣ ደርቤ፣ በብሎን ባስረው ግራና ደርሶ ይመለሳል። ብሎኑን ከሾፌሮች እንለምናለን። ግን በምን ልቁረጠው? በጥርሴ? በምን ልብሳው? በጥፍሬ?”

ዑስማንን በዚያች ሰዓት ያንገበገበው የበሬዎቹ ነገር ብቻ አልነበረም። መላውን እያወቀ እጁ ባዶ መሆኑ ነው። እንዲህ ተናዶ ቀና ሲል ከከበበው ሰው ጀርባ ጋሽ አበባውን አየ። ሽማግሌው ሳጥኑን ትኩር ብለው እያዩ ከንፈራቸውን ያላምጣሉ። ዑስማን ከአፉ አመለጠው፤ ለቀልድ ነው፣ ያውም ለመራራ ቀልድ።

“ጋሽ አበባው፣ ሰጌቶዬስ?”

ሰዉ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ጋሽ አበባው ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ደኅና ናት” አሉ።

ሳቁ በረታ። “ወላሂ እኚህ ሰውዬ!” አለ ዑስማን፣ ዓይኑን እየጠረገ። “የት ሆና ነው ደኅና የምትሆነው?”

“ቤት።”

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሽ አበባው ፊታቸውን አዙረው መንገድ ጀመሩ። ዑስማን ተከተለ፣ ሳሚራ ተከተለች፣ ገበያው በሙሉ ተከተለ፣ እኔማ ከሁሉም ፊት ነበርኩ።

ጓሯቸው ውስጥ የኩበት ክምር አለ። ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ “ኧረ ኩበቴን! ምን ልትሆኑ ነው?” እያሉ ሲከላከሉ፣ ጋሽ አበባው ኩበቱን በሁለት እጃቸው ይበትኑት ጀመር። ከኩበቱ ሥር አገዳ፣ ከአገዳው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ድሮ ማሽላ ይቀበርበት የነበረ ጉድጓድ። ሽማግሌው እስከ ወገባቸው ገቡና በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈታ፣ ሰጌቶዋ! ከነመሰርሰሪያዋ፣ ከነሞረዷ፣ ሞራ ተቀብታ!

“ሰውዬ!” አሉ እትዬ አለሚቱ ወገባቸውን ይዘው። “እህል የምንደብቅበት አጥተን ስንሰቃይ፣ ይሄ ጉድጓድ በሰው ብረት ተሞልቶ ነበር?”

“ባለቤቶቹ ድንገት ሲመጡ እንዳያዩብኝ ብዬ ነው” አሉ ጋሽ አበባው፣ መሬት መሬት እያዩ። “ከባለቤት ደበቅሁት፣ ዘራፊም ሳያየው ቀረ።”

“ታዲያ ስንመለስ ለምን አልነገሩንም?” አለ ዑስማን።

“ምን ብዬ ላውጣው፣ ልጄ? ሰው ባዶ ቤት ገብቶ እያለቀሰ ‘ካንተው ሰርቄ አተረፍኩልህ’ ልበል?”

ዑስማን ሰጌቶዋን ተቀበለ፣ ጥርሷን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ “አልሐምዱሊላህ” አለ፤ ከዚያ ሮጠ።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲሠራ ማየት እንዲህ ደስ ይላል? ሞርሳ የለም፤ ስለዚህ ላሜራውን ሁለት ጎረምሶች በእግራቸው ረግጠው ያዙለት። ቆረጠ፣ አጠፈ፣ ደረበ፣ በሳ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ብሎን ሰጠ፣ ሌላው የብሎን ማጥበቂያ ዳዶ ሰጠ። ከኋለኛው መያዣ ሥር ንዝረቱን እንዲችል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አስገባ። ፊተኛው ግን ሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ጎማው ይቃጠላል ብሎ ብረት በብረት አሰረው። ጉዞው እንዳይፈታው በየዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ ደረበበት። ሳሚራ በየመሃሉ የሳጥኑን ክዳን በእጇ ትዳስሳለች እንጂ አትከፍተውም። ጋሽ አበባውስ? አጠገቡ ቁጢጥ ብለው “ቀስ፣ ቀስ! ጥርሷን እንዳትሰብርብኝ!” ይላሉ። እንዳትሰብር*ብኝ*!

ሳሚራ ሞተሯን በእግሯ መታች። ጡፍ አለች። ከዚያ ጡ-ጡ-ጡ-ጡ፣ እንደ ጠገበች ድመት! አማከለች እልልታዋን ለቀቀችው፣ ገበያው ተቀበላት። ሳሚራ ሄልሜቷን ሳታስር ወደ ግራና በረረች።

ዑስማን ላቡን እየጠረገ ሲቆም ጋሽ አበባው እጃቸውን ዘረጉ። ያላመነ ይጠይቀኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ “በል ከጨረስክ መልስልኝ፤ ለአንዲት ደቂቃ ነው ያዋስኩህ” አሉት!

ዑስማን ሰጌቶዋን አየ። በር የሌለውን ጋራዡንም አየ። ከቆቦ በኩል ዛሬም የሚወራውን የጦርነት ወሬ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። ሞራውን መልሶ ቀባትና በጆንያው ጠቅልሎ በሁለት እጁ አስረከባቸው። “ለጊዜው አንቱ ዘንድ ትሁን፣ ጋሽ አበባው” አለ። “እኔ ስፈልጋት መጥቼ እዋሳለሁ።”

ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ። አማከለች የናሷን ሚዛን ታቅፋ መጣች፦ “ጋሽ አበባው፣ እባክዎ ይቺን ይዋሱልኝ!” ከኋላዋ ድስት የያዘች፣ መጥረቢያ የያዘ፣ የልብስ ስፌት መኪና በሁለት ሰው ያሸከመ። ፊታውራሪያችን ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ “ለአንዲት ደቂቃ ከሆነ እሺ” እያሉ ይቀበላሉ።

ሳሚራ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ተመለሰች፤ ሳጥኗ ባዶ ነው፤ በሬዎቹ ተከትበዋል። መምጣቷን ማንም አልሰማም! ዞር ስንል አጠገባችን ቆማለች። ለመርሳ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ምን ሙዚቃ አለ?

ሙዚቃ ካልኩ ዘንድ፣ ለሚዛኑ ቦታ ሲለቀቅ ከጉድጓዱ ጥግ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ክራር ወጣ። አንድ ክሩ ተበጥሷል፤ ሌላው ሁሉ አለ። ለመምህር ዮሴፍ ልወስድለት እጄን ስዘረጋ ጋሽ አበባው ጠበቅ አድርገው ታቀፉት። “ባለቤቱ ይምጣ! አንተማ በዚያው ታስቀረዋለህ” አሉኝ። እሳቸው! እኔን!

የወልድያው ሚኒባስ ጡሩምባውን እያንባረቀ ነው። ዮሴፍ በሩን ሲከፍትልኝ የምለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ መቼም ታውቁታላችሁ። ኧረ ረዳት! ረዳት! ጠብቀኝ፣ መጣሁ!