እስከ እሁድ የተያዘ ዜና

«ኒውስሩም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በእኛ ቋንቋ ዜና ክፍል ነው። አቡ ዳቢ አንድ ጋዜጣ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሻይ ሳቀርብ ስለኖርኩ፣ ትርጉሙን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በቀን ሰባት ሺህ ብርጭቆ አመላልስ ነበር፤ ቢበዛ ስድስቱን ሺህ ጨምሬ ይሆናል። ሁሉም ስልክ ላይ ይጮሃል፤ አለቃው ብቻ ዝምተኛ ነው። ሥራው «ማን ነገረህ? ሌላስ ማን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንዳንዱን ዜና ደግሞ እውነት መሆኑን እያወቀ «እስከ እሁድ ይቆይ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ይኼ አይገባኝም ነበር። ዜና ይዞ መቀመጥ እኮ ትኩስ ሻይ ጉንጭ ውስጥ ይዞ እንደ መቀመጥ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከደብረ ታቦር ተደወለ፤ የእታገኝ እናት አርፈዋል። እታገኝ አል ዐይን ከተማ ሰው ቤት ልጅ የምታሳድግ፣ እንደ ልጄ የማያት ሴት ናት። ወዲያው እዚሁ አቡ ዳቢ፣ አል ዋሕዳ ሰፈር፣ ጓደኛዋ ዘውዴ ቤት ስድስት ሰው ሆነን ተሰበሰብን። እኔ አለቃ ሆንኩ። ስልኩን ያነሳችውን ዘውዴን ጠየቅኋት፦ ማን ነገረሽ? የእታገኝ ወንድም። ሌላስ? ቀብር የዋለ ጎረቤት። ተረጋገጠ። መርዶው መቼ ይነገር?

«ጋሼ፣» አለች ዘውዴ፣ «ዛሬ ብንነግራት የማዳምን ልጅ ታቅፋ ልታለቅስ ነው? ዕረፍቷ እሁድ ነው። ያኔ እንደ ሰው ታልቅስ።»

መሳቢያው ያኔ ገባኝ።

እታገኝ ግን በየቀኑ እየደወለች ምን አዲስ ነገር እንዳለ ትጠይቀኛለች። እኔም «ምንም፤ ሙቀቱ ብቻ» እላለሁ። በዚያ ሳምንት ግማሽ ሰውነቴ አለቀ።

እሁድ ማለዳ ሚኒባስ ተከራይተን፣ ጥቁር ነጠላችንን ቦርሳ ውስጥ ደብቀን፣ የንፍሮውን ድስት ዘውዴ ጭን ላይ አስቀምጠን ተጓዝን። መንገድ ላይ የስዌይሃን በረሃ ግመሎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው አሳለፉን። እታገኝ ዕረፍቷን የምታሳልፍበት ክፍል ደርሰን አንኳኳን።

በሩን የከፈተችው ጥቁር ለብሳ ነው። ምድጃው ላይ አንድ ድስት ንፍሮ ይንተከተካል።

«ማክሰኞ ሰምቻለሁ፣» አለች። «ልጁን ትኩሳት ይዞት ስለነበር ማልቀሻ ጊዜ አልነበረኝም። እናንተም ለእሁድ እንደያዛችሁልኝ ገባኝና ጠበቅኋችሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ውሸት አይችሉበትም። በዚህ አገር ስለ ሙቀት እንደ አዲስ ነገር የሚያወራ ማን አለ?»

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ የያዘችውን ለቀቀችው። እኛም አገዝናት።

ሁለት ድስት ንፍሮ ለሰባት ሰው በዛ። የተረፈውን የሚኒባሱ ሹፌር ጠራርጎ በላው፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። እሱ መቼም ጋዜጠኛ አይወጣውም።