ጎመን ያሰለፉት አገረ ገዥ

ወታደር የነበረ ሰው አገር ግዛ ተብሎ ሲሾም፣ ጎመን እንኳ ተሰልፎ መብቀል አለበት። ጎመኑን የምተክለው እኔ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ።

ከሆባርት ወደብ በመርከብ ሁለት ቀን የምትርቀውን የግዞት ደሴታችንን የሚገዙት ክቡር ኮሎኔል ኦስዋልድ ፔንሮክ፣ የሰባት ውጊያ ጀግናና የጎመን ሁሉ የበላይ አዛዥ፣ ጠዋት ጠዋት ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው የጎመኑን መደብ ይጎበኛሉ። «ይቺ ከሰልፍ ወጥታለች!» ይላሉ። እነቅላታለሁ። የደሴቲቱን ፍየሎችም በየስማቸው ይጠራሉ። አንዷ ከጠፋች እስክትገኝ ምሳ የለም፤ ለእኛም ለእሳቸውም።

ግዞተኛ ያለ አገረ ገዥው ፊርማ ማግባት አይችልም። እኔ ደግሞ ልብስ አጣቢዋን ኬዚያን እወዳት ነበር፤ አሁንም እወዳታለሁ፣ ትስማኝ። ማመልከቻዬን ይዤ ስቀርብ ፊቴን አላዩም፤ ከእግሬ ጀመሩ።

«ይሄ ጫማ ነው?»

«ነበር፣ ክቡርነትዎ።»

«ሙሽራ በዚህ አይቆምም! ሂድ!»

ሦስት ጊዜ ቀረብኩ፣ ሦስት ጊዜ ተባረርኩ። ጫማ የሚታደለን በዓመት አንዴ ነው፤ የእኔማ ተቀዶ አውራ ጣቴ ፀሐይ ይሞቃል።

«የሚድሩት አንተን ነው ወይስ ጫማህን?» ትለኛለች ኬዚያ እየሳቀች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች።

አንድ ማክሰኞ መርከብ መጣች። ኮሎኔሉ ወደ አገራቸው ተጠርተዋል፤ ተተኪያቸው ደግሞ የግዞተኛ ሠርግ የሚባል ነገር አይወድም ተባለ። በቃ፣ አለቀልን! ለሽኝት ውጡ ተብለን ወደቡ ላይ ስንሰለፍ በሆዴ እየረገምኳቸው ነበር።

ሰልፉን እየጎበኙ መጥተው እኔ ጋ ቆሙ። እግሬን አዩ።

«አሁንም ያው ነው?»

«ያው ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ከሆባርት ጫማ አዝዤልህ ነበር። ሦስት መርከብ ጠበቅኩ፤ ዛሬም አልመጣም» አሉ፣ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሣጥን ላይ ተቀምጠው የዘመቱበትን ቦት ጫማ አወለቁና ሰጡኝ። ከደረት ኪሳቸው ደግሞ የጋብቻ ፈቃዴን አወጡ። የተፈረመው መጀመሪያ ያመለከትኩ ዕለት ነው።

በካልሲ ወደ መርከቧ ወጡ። ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ይታያል። ከዚያ ሁሉ ግዞተኛ አንድም ሰው አልሳቀም፤ ኬዚያ በሽርጧ ዓይኗን ትጠርጋለች።

አሁን ነፃ ሰው ነኝ፤ ከኬዚያ በቀር ማንም አያዝዘኝም። እኚያን ሽማግሌ ግን እንዴት እንደሚናፍቁኝ! ጎመኔ ዛሬም ተሰልፎ ነው የሚበቅለው።